«ደህና» ብዬ የፈረምኩበት ሶኬት

የኤሌክትሪክ ሥራ መተዌን የሰማ ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፤ «ደክሞህ ነው አይደል?» አልደከመኝም። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው በአራት ዓመት ሥራ አይደክመውም። የተውኩት ተናድጄ ነው፤ ንዴቱም እስካሁን አልበረደልኝም። አሁን አትላንታ አጠገብ፣ ደንዉዲ ውስጥ የአንድ ቢሮ ሕንፃ በር እጠብቃለሁ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ገቢና ወጪውን አያለሁ፤ ሰው በማያይበት ሰዓት የግጥም ደብተሬን አወጣለሁ። ሥራው ያሰለቻል። ግን በእኔ ፊርማ የማንም ቤት አይቃጠልም።

በፊት የነበረኝን ሥራ ላስረዳ። አሜሪካኖች አር ቪ የሚሉት መኪና አለ። አውቶብስ ያህላል፤ ውስጡ አልጋ፣ ማድቤትና ሻወር አለው። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ቤታቸውን ሸጠው እሱ ውስጥ ይገቡና አገር ለአገር ይዞራሉ። መንገድ ሲሰለቻቸው ካምፕ ይገባሉ። ካምፕ ማለት ዛፍ ሥር የተደለደለ የመኪና ማቆሚያ ነው፤ በየቦታው ወገብ የሚደርስ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ቆሟል። ሰውየው ከመኪናው ወፍራም ገመድ ይስብና ስፒናውን ምሰሶው ላይ ይሰካል። ከዚያ በኋላ ፍሪጁም ኤሲውም ቴሌቪዥኑም የሚኖሩት ከምሰሶው በሚመጣው ነው። ምሰሶው ጤነኛ ከሆነ ጥሩ። ከታመመ ግን መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮ ይታመማል።

እኔ የታመሙትን መኪናዎች ነበር የምጠግነው፤ ኖርክሮስ ውስጥ፣ በአንድ ጎማ ቤትና በአንድ የምንጣፍ መጋዘን መካከል ባለ ጋራዥ። የገባሁት በፈረንጆች 1996 ነው። የጋራዡ ባለቤት ሚስተር ዳን ይባላል፤ ጮክ ብሎ የሚስቅ፣ የሠራተኛውን ሁሉ የልደት ቀን የሚያውቅ ሰው ነበር። ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ ሐይቅ ዳር ካለ ካምፕ ጋር ውል ነበረው። የካምፑን ምሰሶዎች የምናድሰው እኛ ነን፤ ምሰሶዎቹ ያቃጠሏቸውን መኪናዎች የምንጠግነውም እኛው ነን። መጀመሪያ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። ሲገባኝ ደግሞ ለምጄው ነበር።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ወርቅነህ ናቸው። ድሬዳዋ በአንድ ፋብሪካ ሃያ ዓመት ኤሌክትሪክ ሠርተው፣ በሱዳን በኩል ተሰደው፣ አትላንታ ሲገቡ ፀጉራቸው ሸብቶ ነበር። የመነጽራቸው እግር በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። ምሳቸው ሁልጊዜ ሰርዲንና ዳቦ ነበር፤ ቆርቆሮውን የሚከፍቱት በካቻቢቴ ነው። ሚስተር ዳን መክፈቻ ገዝቶ ቢሰጣቸው «ይሄ ለሰነፍ ነው» ብለው መሳቢያ ውስጥ ጣሉት።

እንዴት እንደሚሠሩ ቆሜ ማየት እወድ ነበር። ሶኬት ሲለኩ ግራ እጃቸውን ኋላ ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ደረቴን በጣታቸው ነካ አደረጉኝ። «በሁለት እጅህ ከነካህ መብራቱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ በዚህ በኩል ነው የሚያልፈው። ምን ይሠራል ሁለተኛው እጅህ? ኪስህ ውስጥ ይረፍ።» ከመለካታቸው በፊት ደግሞ ሶኬቱን ያሸቱታል። የጋለ ፕላስቲክ የከረመ ዓሣ ይሸታል፤ እሳቸው ከሦስት እርምጃ ያውቁት ነበር። ከለኩ በኋላ ባለ መኪናውን ጠርተው ቁጥሩን ራሱ እንዲያነበው ያደርጋሉ። ሰውየው «ምኑም አይገባኝም» ቢላቸው እንኳ ያስነብቡታል።

ከሁሉም ያደከመኝ ግን ሌላ ልማዳቸው ነው።

«ስንት ይሆናል?» ይሉኛል፣ ቴስተሩን ከመሰካቴ በፊት።

«ልየዋ ጋሼ።»

«ካየኸውማ ማንም ይናገራል። አስቀድመህ በል።»

«መቶ ሃያ።»

«በል አሁን እይ።»

በቀን ሠላሳ ጊዜ፣ አርባ ጊዜ። አንድ ቀን ሰልችቶኝ «እኔ ተማሪ ቤት ነው እንዴ ያለሁት?» አልኳቸው። አልተቆጡም።

«ስማ፤ ቁጥሩን መጀመሪያ ካየኸው ጭንቅላትህ ምክንያት ይፈልግለታል። አንተ ደግሞ የሁለት መቶ ሃያ ልጅ ነህ። እኔም ነኝ። እኛ አገር ሶኬት ላይ ሁለት መቶ ሃያ ስታይ መብራት መጣ ብለህ ደስ ይልሃል። እዚህ በመቶ ሃያ ሶኬት ላይ ያን ቁጥር ካየህ ሩጥ።»

ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

የሁለተኛው ዓመት በጋ ላይ አንዲት ሴት ውሻዋ መኪናው ውስጥ አልገባ ብሎ እንዳስቸገራት ለካምፑ አመለከተች። ካምፑም «የእንስሳት ሐኪም ጥሪ» ብሏት ነበር። እኛ ለሌላ ጉዳይ እዚያ ነበርንና ጋሽ ወርቅነህ ሰሙ። ውሻው የብረት ደረጃው ላይ እግሩን ያነሣል፣ ያለቅሳል፣ ይመልሳል። ጋሽ ወርቅነህ ሴትየዋን «ምንም እንዳትነኪ» ብለው የምሰሶውን ኃይል ዘጉት። የምሰሶው የመሬት ሽቦ ተበጥሶ ኖሯል፤ የመኪናው ቆርቆሮ በሙሉ መብራት ተሸክሞ ነበር። ሴትየዋ የጎማ ጫማ ስለምታደርግ አልተሰማትም። ውሻው ባዶ እግሩን ነው። ሽቦውን ቀጠልን። ሚስተር ዳን የሥራ ወረቀቱ ላይ «መደበኛ እድሳት» ብሎ ጻፈ።

ወረቀቱን ካነሣሁ አይቀር፣ መጨረሻው ላይ «የብልሽቱ ምክንያት» የሚል መስመር ነበር። ሙቀቱ በሚበረታበት በሐምሌ ካምፑ ሲሞላና ሁሉም ኤሲ ሲከፍት የምሰሶዎቹ ኃይል ወደ መቶ ቮልት፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ሞተሮቹ ያቃስታሉ፣ ይግላሉ፣ ይቃጠላሉ። እኛ ደግሞ አዲስ ኤሲ እየገጠምን በዚያ መስመር ላይ «የባለቤቱ አጠቃቀም» እንጽፋለን። መጥፎ ኃይል ሲመጣ ራሱ የሚቆርጥ የመከላከያ ሳጥን በጊዜው ነበር፤ መጋዘናችን ውስጥ ተደርድሮ አቧራ ይለብስ ነበር። ለካምፑ ደንበኞች አንዱን ላሳይ ስል ሚስተር ዳን ክንዴን ያዘኝ። «ካምፑ የማይታመን ነው እያልካቸው እኮ ነው» አለ፣ እየሳቀ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ስለ ሳቁ ግጥም ጻፍኩ። ግጥም መጻፍ ቀላል ነው። በማግሥቱ ሥራዬ ገባሁ።

አሁን ወደማልወደው ቀን ልምጣ።

በ2000 ግንቦት፣ ሰው ሁሉ ካምፕ ከሚወጣበት ረጅም የዕረፍት ቀን በፊት፣ ካምፑ አሥራ ሁለት አዲስ ምሰሶዎች አስተከለ። ሽቦውን የዘረጋው ሌላ ሰው ነው፤ መርምሮ የሚፈርመው የእኛ ጋራዥ። ጋሽ ወርቅነህ ጥርሳቸውን ሊነቀሉ ሐኪም ዘንድ ሄደዋል።

«ብቻህን ትችላለህ። እስከ እኩለ ቀን ጨርስልኝ፣ ሰው መግባት ጀምሯል» አለኝ ሚስተር ዳን።

«እችላለሁ» አልኩ። ኮርቼ ነበር።

እያንዳንዱ ምሰሶ ሁለት ሶኬት አለው። ትልቁ የሃምሳ አምፔር ነው፤ በሁለቱ ትኩስ ሽቦዎች መካከል ሲለካ ሁለት መቶ አርባ ቮልት ያሳያል፤ ትክክሉም እሱ ነው። ትንሹ የሠላሳ አምፔር ነው፤ መቶ ሃያ ብቻ መሆን አለበት። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት መቶ አርባ፣ መቶ ሃያ፣ ሁለት መቶ አርባ፣ መቶ ሃያ እያልኩ ሄድኩ። ስድስተኛው ምሰሶ ላይ ቁጥር አስቀድሞ መናገሩን ተውኩት። ማን ይሰማኛል? ሙቀቱ አናቴን ይበሳል፤ ከኋላዬ መኪናዎች ተሰልፈው ጥሩንባ ያሰማሉ።

ዘጠነኛው ምሰሶ ላይ የትንሹን ሶኬት ለካሁ። ሁለት መቶ አርባ አለኝ። አየሁት። ገባኝም፤ ማለት፣ ቁጥሩ ገባኝ። ያደግኩበት ቤት ሶኬት ቁጥር ዘመድ ነው። ደስ የሚል ቁጥር ነው። ምሰሶው ላይ በሚንጠለጠለው የምርመራ ወረቀት ላይ በራሴ እጅ «9፣ ሠላሳ፣ 240፣ ደህና» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፌ ፈረምኩና ወደ አሥረኛው አለፍኩ። ለአራት ዓመት መቶ ሃያ ስለካ ኖሬ፣ በአንዲት ድካም ቅጽበት ተመልሼ የሁለት መቶ ሃያ ልጅ ሆንኩ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ዘጠነኛው ቦታ ላይ ሚስተር ክላይድና ሚስ ኦፓል የሚባሉ ባልና ሚስት ገቡ። እሱ የትምህርት ቤት አውቶብስ ሹፌር የነበረ፣ ሳንባው የደከመና በኦክስጅን መሣሪያ የሚተነፍስ ሰው ነው። እሷ የሆስፒታል ወጥ ቤት ኃላፊ ነበረች። ቤታቸውን ሸጠው መኪናውን ከገዙ ስምንት ወራቸው ነው። ሌላ ቤት የላቸውም። ሚስተር ክላይድ ስፒናውን ትንሹ ሶኬት ላይ እንደሰካ መኪናው ውስጥ ያሉት አምፖሎች ሠርግ ቤት እንደሚበሩት ቦግ አሉ። ከዚያ የኦክስጅን መሣሪያው አፏጭቶ ቆመ። ከአልጋው ሥር፣ የኃይል መቀየሪያው ካለበት፣ ጭስ ወጣ። ሚስ ኦፓል ሮጣ ስፒናውን ነቀለች፣ ባሏን ከመጠባበቂያው ሲሊንደር ጋር አያይዛ በሰው መኪና ሆስፒታል አደረሰችው። ተረፈ። መኝታ ቤቱና የኋላው ሽቦ ግን በሙሉ ነደደ።

እሑድ ጠዋት ሚስተር ዳን ደወለልኝ። አልጮኸም። «ዘጠነኛው ላይ አንድ ሽቦ ተሳስቷል። ሂድና አስተካክል። ወረቀቱንም አንሣው፣ ጣለው» አለኝ።

ሄድኩ። ብሬከሩን ቀየርኩ፣ አንዱን ትኩስ ሽቦ ነቅዬ ኒውትራሉን በቦታው አሰርኩ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ኢንሹራንሱ መጥቶ ከማየቱ በፊት ማስረጃውን በገዛ ፒንሳዬ አጠፋሁት። ወረቀቱን ግን አልጣልኩም፤ የገንዘብ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

ሰኞ ጠረጴዛው ላይ ቅጽ ጠበቀን። የብልሽቱ ምክንያት፦ ባለቤቱ በቤት የተሠራ መሰኪያ ተጠቅሞ ትልቁ ሶኬት ላይ ሰክቷል። እንዲህ ከተጻፈ ኢንሹራንሱ ለባልና ሚስቱ አንድ ሳንቲም አይከፍልም። ሚስተር ዳን መጀመሪያ ያቀረበው ለጋሽ ወርቅነህ ነው። እሳቸው ጉንጫቸው እንዳበጠ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡና መልሰው አስቀመጡት።

«እኔ አልለካሁም» አሉ።

ሚስተር ዳን ወደ እኔ ዞረ። ፈረምኩ።

ከሥራ ስንወጣ መኪና ማቆሚያው ላይ ተከተልኳቸው።

«ጋሽ ወርቅነህ፣ ለምን አይናገሩም? እርስዎ ቢናገሩ እኮ ይሰማዎታል!»

«የለካው ማነው?»

«እኔ።»

«እንግዲያስ?» አሉና የመኪናቸውን በር ከፈቱ። «አንተ ያየኸውን እኔ እንዴት ልናገርልህ?»

ጠላኋቸው። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ከሚስተር ዳን አብልጬ የጠላሁት እሳቸውን ነው። አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ ደግሞ ነገሩን ስነግረው «አንተ ሰው፣ ምን አገባህ? ሰውየው አልሞተ። ግሪን ካርድህን ሳትይዝ ልትከሰስ ነው እንዴ? ጆብህን ያዝና ዝም በል» አለኝ። ዝም አልኩ። «አልሞተም» የሚለውን ቃል እየደጋገምኩ አንድ ወር ኖርኩበት። ሰው ካልሞተ ምንም አልሆነም የሚል ሰው አሁን ሲያጋጥመኝ አንገቱን ማነቅ ያምረኛል፤ ያን ወር እኔው ነበርኩ ያ ሰው።

በወሩ መጨረሻ ፋይሉ ላይ ያለውን አድራሻ ይዤ ሊልበርን ሄድኩ። የተቃጠለው መኪና የልጃቸው ቤት ደጅ ላይ በሰማያዊ ሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። በሩን የከፈተችው ሚስ ኦፓል ናት፤ አጭር፣ ወፍራም፣ እጇን በፎጣ እየጠረገች።

«ከጋራዡ ነኝ» አልኳት።

«ከየትኛው? ባሌን ደደብ ብሎ ከጻፈው?»

«አዎ» አልኩ። «የፈረምኩበት እኔ ነኝ።»

በሩን ፊቴ ላይ የምትዘጋው መስሎኝ ነበር። አስገባችኝ። ሚስተር ክላይድ ከአዲሱ መሣሪያው ጎን ተቀምጧል፤ ቀጭኑ ቱቦ አፍንጫው ሥር አለ። ትልቋ ልጃቸው ማድቤቱ በር ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። የምሰሶውን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ፣ ምን ማለት መሆን እንደነበረበት፣ እሑድ ጠዋት ምን እንዳደረግኩ ነገርኳቸው።

ሚስተር ክላይድ እኔን አላየኝም። ልጁን ነው ያያት።

«ሰማሽ? መሰኪያ አልሠራሁም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ልጅ ጭኜ ስነዳ ኖሬ፣ ገመድ መሰካት አያቅተኝም ብዬሽ ነበር» አላት።

ልጅቱ አቀርቅራ ማልቀስ ጀመረች። ያን ጊዜ ገባኝ። ያ ቅጽ ገንዘባቸውን ብቻ አልነበረም የወሰደው። የገዛ ልጁ ወረቀቱን አምና አባቷን አላመነችውም።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኩ።

«ይቅርታህን ለራስህ ያዘው» አለች ሚስ ኦፓል። ነጭ ወረቀትና እስክሪፕቶ አመጣች። «ጻፍ። ሁሉንም። ስትጨርስ ጮክ ብለህ ታነብልናለህ፤ እሷም ትሰማለች።»

በደንብ በማልችለው እንግሊዝኛ ሁለት ገጽ ጻፍኩና ቆሜ አነበብኩ። ሚስተር ክላይድ ሁለት ቦታ ላይ ፊደል አረመልኝ።

ጽሑፌ ኢንሹራንሱ ዘንድ በደረሰ በሳምንቱ ሚስተር ዳን ከምሳ በፊት አባረረኝ። «ሥራ ያስያዝኩህ እኔ ነኝ! ልደትህን ያከበርኩልህ እኔ ነኝ!» እያለ እስከ በሩ ሸኘኝ። ጋሽ ወርቅነህ የመሣሪያ ሳጥኔን አንድ ጎን ይዘው እስከ መኪናዬ አብረውኝ ሄዱ።

«አንድ ወር ጠበቅኩህ» አሉኝ።

«ለምን አልገፉኝም ታዲያ?» አልኳቸው። ጮኼ ነበር።

«ገፍቼህ ብትናገር የእኔ ቃል ይሆን ነበር።» ሳጥኑን የመኪናዬ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አስገቡልኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሁለት ልጆቻቸውን ኮሌጅ ያስተምሩ ነበር፤ ያንን አልቀየምባቸውም። የቀረውን ግን አሁንም ከራሴ ጋር እከራከርበታለሁ። ልክ ነበሩ ማለት አልፈልግም። አልነበሩም ማለትም አልችልም።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ወራት በራሴ መኪና እየዞርኩ የመከላከያ ሳጥን ስገጥም ኖርኩ። ኢንሹራንሱ ተሟግቶ ተሟግቶ ከፈለ። ካምፑ ምንም አልሆነም፤ ሚስተር ዳንም እንደዚያው። በዓመቱ ጸደይ ላይ ስልኬ ጮኸ። ሚስ ኦፓል ናት። ከፊተኛው ያነሰ አሮጌ መኪና ገዝተዋል፤ ሳጥኑን እንድገጥምላት ፈለገች።

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። «ስላመንሽኝ አመሰግናለሁ» አልኳት።

«ማን አመነህ?» አለች። «የጠራሁህ በዚህ ከተማ ከአንተ የበለጠ የሚፈራ ሠራተኛ ስለማይገኝ ነው።»

ከጠዋት እስከ ቀትር ሠራሁ። እያንዳንዱን ብሎን ሦስት ጊዜ አጠበቅኩ። ሚስ ኦፓል ወንበር አውጥታ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ትመለከት ነበር። ሲያልቅ ስፒናውን የልጃቸው ቤት ደጅ ላይ በገጠምኩት ሶኬት ሰካሁ። ምንም አልበራም።

«አልሠራም» አለች፣ ከወንበሯ ብድግ ብላ።

«ይሠራል። እየለካ ነው። የሚመጣው ኃይል ትክክል መሆኑን ሳያረጋግጥ አያስገባም።»

«ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?»

«ሁለት ደቂቃ ገደማ።»

ሚስተር ክላይድ ትንሹን ሲሊንደር እየጎተተ በሩ ላይ መጥቶ የእጅ ሰዓቱን ያይ ጀመር። ሦስታችንም ያንን ግራጫ ሳጥን እያየን ቆምን። ሁለት ደቂቃ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር።

«የኔ ልጅ» አለ ሚስተር ክላይድ፣ ዐይኑን ከሰዓቱ ሳያነሣ፣ «ያን ቀን አንተ ዘጠነኛው ምሰሶ ጋ ለምን ያህል ጊዜ ቆምክ?»

አሰብኩ። መዋሸት አልፈለግኩም።

«አራት ሰከንድ» አልኩት።

ሳጥኑ ቀጭ አለ። ውስጥ መብራቱ በራ፣ ኤሲው ተነሣ። ሚስ ኦፓል ወንበሯን አጥፋ ይዛ፣ ባሏን በክንዱ ደግፋ አስገባችውና በሩን ዘጋችው።